የአባባ ጠመንጃና የእኔ ሞረድ

ጥቅምት 4

ሱቅ በጊዜ ከፈትኩ። ገበያው ቀዝቀዝ ያለ ነው... ጠዋት ጥቂት ራስ፣ አንድ ጢም። ጢሙ የመምህሩ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆጣጠሩት ተማሪ ስለሌላቸው ጢማቸውን ነው የሚቆጣጠሩት። ጨርሼ መስታወቱን ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው አዩ፣ ቀረብ አድርገው አዩ፣ «ይሁን» አሉ። ይሁን ማለት ምን ማለት ነው? ድሮ «እጅህ ይባረክ» ነበር የሚሉኝ።

የወንድምጋሼ አውቶቡስ በደጄ አለፈ። እጄን አወዛወዝኩለት። ፊት ለፊቱን እያየ ዝም ብሎ ሄደ። ወንድምጋሼ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሷ እንደዚያ ስለምትጠራው እኔም ለመድኩት። አምና ስላጨው ጆሮውን ጫር አድርጌው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት ነው የሚስተካከለው። አሁን ደግሞ ሰላምታም ተከለከልን ማለት ነው። ይኩራ።

አመሻሽ ላይ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረድኩ። የአየር ጠመንጃ ነው፣ የሚስቴ አባት ትተውልን የሄዱት። አባባ ነበር የምንላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። በየዓመቱ ዘመድ በሚሰበሰብበት እሑድ እኔና ወንድምጋሼ በእሱ ኢላማ እንተኩሳለን፤ ያሸነፈ እስከሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ይሰቅለዋል። ከእኔ ግድግዳ ወርዶ አያውቅም። ሰፈሩ ንስር የሚለኝ በዚሁ ነው፤ የሱቄም ስም «ንስር ፀጉር ማስተካከያ» የሆነው በዚሁ ነው።

ከጓሮው አጥር ሥር የአሸዋ ጆንያ አቁሜ ኢላማ ለጠፍኩና ተኮስኩ። ኢላማው ምንም አልሆነም። ደገምኩ... ምንም። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ተሰበረ። የሚስቴ የአበባ መትከያ ነው።

ጥቅምት 6

ነገሩን አጠናሁት። ኢላማው ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ ጥቁሩ ክብ፣ ነጩ ክብ፣ ሁሉም። ጭጋግ የለበሰው ማነጣጠሪያው ነው። የኋላው ስንጥቅ ያለው ብረት የተፈጨ ይመስላል፣ አፈሙዙ ላይ ያለችው ጉጥ ደግሞ አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት ትሆናለች። እንግዲህ ሩቁን የሚያይ ዓይን ቅርቡን እንዴት ያጣል? አያጣም። የታመመው ብረቱ ነው።

በሱቁ አልኮል ጠረግኩት። በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ያው ነው።

ሚስቴ ከመስኮት ሆና ታየኛለች። «ምን ሆነብህ?»

«ማነጣጠሪያው ደነዘዘ።»

«አንተ፣ ዓይንህን ለምን አትታይም?»

«ንስር መነጽር ሲያደርግ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጋዜጣ ክንዱን ዘርግቶ ሲያነብም አላየሁም» ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

እዚህ ለራሴ ልጻፈው፣ ማንም አያየው። ፈርቻለሁ። መነጽር ያደረገ ሰው ምላጭ ይዞ ሲመጣ ማን ነው አንገቱን የሚሰጠው? እኔ ራሴ አልሰጥም። ውድድሩ ላይ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ጆንያውንም ከሳትኩ... አለቀ። ንስር ዕውር ሆነ ይባላል፣ ሰኞ ሱቁ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ጠመንጃው መስተካከል አለበት።

ጥቅምት 9

ከሱቅ ጎረቤቴ ከቁልፍ ሠሪው ሞረድ ተዋስኩ። «ለምንድን ነው?» አለኝ። «ለበር» አልኩት። ዓይን ያወጣ ውሸት።

የተኮስኩት ሁሉ ከኢላማው በላይ ነው የሚያርፈው። እንግዲህ እኔ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት በአንድ እውቀት ነው፦ ከፍ ያለ ነገር ይቆረጣል። ጥይቱ ከፍ አለ? አፈሙዙ ላይ ያለችውን ጉጥ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ሞረድኩ። ተኮስኩ። ከበፊቱም ከፍ አለ። አልበቃትም ማለት ነው ብዬ ጨመርኩ። ጆንያውን አልፎ አጥሩን መታ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እንደገና ሞረድኩ...

የመጨረሻው ጥይት አጥሩንም አልፎ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታው ሰማሁ። ሴትየዋ ወጡ። ሰማዩን አዩ። ደመና የለም። እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ፣ ሁለተኛ ጠብታ አልመጣም፣ ገቡ። እኔ ጆንያው ሥር ተኝቼ ነበር።

ጉጧ የለችም። ጣቴን ሳሳልፍባት ልሙጥ ናት፣ አንደኛ ደረጃ መላጨት።

ጥቅምት 10

ፀጉር ቢሆን ይበቅል ነበር።

ጥቅምት 12

ሱቅ ውስጥ ሰው ሲጠፋ መጥረጊያውን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ መስታወቱ ላይ አነጣጠርኩ። አሁን ገባኝ። የፊቷ ጉጥ ስታጥር ከኋላው ጋር ለማስተካከል አፈሙዙን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ግድ ነው፤ አፈሙዙ ቀና ካለ ጥይቱም ወደ ላይ ነው። መጨመር ሲገባኝ ቆርጫለሁ። ይህን ለማወቅ ጉጧን መጨረስ ነበረብኝ?

አንድ አዲስ ደንበኛ በር ከፍቶ ገባ። በመጥረጊያ እያነጣጠርኩበት መሆኔን በመስታወት አየ። «ቆይቼ እመጣለሁ» አለ። አልመጣም።

የሚያስጨንቀኝ ወንድምጋሼ ነው። የአባባን ጠመንጃ በብረት የነካ ሰው ከእሱ ጋር ሰላም አይኖረውም።

ጥቅምት 14

መላ ተገኘ። ከጥቁሩ ማበጠሪያ አንድ ጥርስ ሰበርኩ፣ ቀጥ ያለች፣ ቀጭን። አፈሙዙ ላይ በማጣበቂያ ተከልኳት። ቁመቷ ረዘም ያለ ነው፣ ኋላ በጥንቃቄ ይቆረጣል። በጥንቃቄ ብያለሁ።

ችግሩ አውራ ጣቴም አብሮ ተጣበቀ። «ራት ቀርቧል» አለች ሚስቴ። «መጣሁ» አልኩ። መሄድስ ሄድኩ፣ ከጠመንጃው ጋር ነው የሄድኩት። ሰደፉን ወንበር ላይ አሳርፌ ሾርባዬን በግራ እጄ መጠጣት ጀመርኩ። ሚስቴ ከጣቴ እስከ ሰደፉ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋን አመጣች። ጣቴን እያስለቀቀች ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል... የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 16

ጥርሷ እንዳታንጸባርቅ ሻማ ለኩሼ ጥላሸት ቀባኋት። የኋላውንም ብረት ቀባሁት። ከዚያ ዓይኔን አስጠግቼ አነጣጠርኩ፣ ልምምድ ነው ብዬ። ሳልታጠብ ሱቅ ሄድኩ።

ቀኑን ሙሉ ደንበኛው ሁሉ በሐዘኔታ ሲያናግረኝ ዋለ። አንዱ ሲወጣ ጀርባዬን መታ አድርጎ «ትዳር እንዲህ ነው፣ ቻለው» አለኝ። ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ለካ ቀኝ ዓይኔ ዙሪያውን ጥቁር ነው፣ በቡጢ የተመታ የሚመስል። ሚስቴን ሰፈሩ በምን ዓይን ሊያያት ነው? ነገርኳት። «ይሻላል» አለች፣ «ከእንግዲህ ትፈራኛለህ ይላሉ።»

ጥቅምት 19

ዛሬ የሆነውን እንዴት ብዬ ልጻፈው።

የፊቷ ጥርስ ቆማለች፣ የኋላው ግን ያው ጭጋግ ነው። ተናድጄ በካቻቢቴ ብሎኑን ፈትቼ አወጣሁት። በቦታው ከቁልፍ ሠሪው የለመንኳትን ትንሽ ክብ የብረት ሮንዴላ አቆምኩ፣ መሐሏ የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ ያላት። ዓይኔን አስጠጋሁ።

የማበጠሪያዋ ጥርስ ጥርት አለች። ኢላማውም ጥርት አለ። አንዲት ጥርስ፣ አንድ ኢላማ። ጠርዟ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ታየኝ። እንባዬ መጣ ብል ማን ያምነኛል? ተኮስኩ፣ ጥቁሩን መታሁት። ደገምኩ፣ ጥቁሩን። ጥርሷን ከጫፏ በጥንቃቄ ትንሽ ቆረጥ ሳደርጋት ደግሞ መሐሉን። ይኸው፣ ዓይኔ ደህና ነው። ብረቱ ነበር አላልኩም?

ጥቅምት 20

ሁለተኛ ሮንዴላ ኪሴ አለች። በእሷ ያላየሁት ነገር የለም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ይነበባል። የጋዜጣው ይነበባል። ጉንዳን እግር አላት።

ሚስቴ ገብታ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሌላው ላይ ብረት ደቅኜ ጋዜጣ ሳነብ ያዘችኝ።

«ምንድን ነው?»

«የጠመንጃው መለዋወጫ ነው። እየሞከርኩት ነው።»

«በስፖርት ዜና ላይ?»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ገጹን ገለበጥኩ።

ጥቅምት 23

መምህሩ መጡ። ዛሬስ ጢማቸውን እንደ ድሮው አደርገዋለሁ ብዬ ሮንዴላዋን በግራ እጄ ዓይኔ ላይ ያዝኩ፣ በቀኝ መቀሱን። አንዷ ፀጉር ሳትቀር ትታያለች። ግን ቆዳ መወጠሪያ እጅ የለኝም። በክርኔ ጉንጫቸውን ደገፍ አደረግኩ።

በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልኬት ነው መምህር። አዲስ አሠራር።»

«ፈረንጅ ነው ያመጣው?»

«አዎ።»

ሲወጡ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ቁልፍ ሠሪው ታጠፉ። ቁልፍ ጠፍቶባቸው ይሆናል።

ኅዳር 2

ዘመድ ተሰበሰበ። ግቢው ሞላ።

ወንድምጋሼ ጠመንጃውን ከእጄ ተቀብሎ ዳበሰው። ጣቱ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሻሻያ።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከማበጠሪያ።»

«የአባባን ጠመንጃ ላጭተህ ማበጠሪያ ተከልክበት?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። እሱ ሲቆጣ ድምፁ ይወርዳል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሊሳለቅብኝ ፈልጎ ጠመንጃውን አንስቶ በሮንዴላዋ አየ... ጠመንጃውን አወረደ፣ ኢላማውን በባዶ ዓይኑ አየ። መልሶ አነሳና በቀዳዳዋ አየ። ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ እንደዚያው ቆየ። ሲተኩስ መሐሉን መታው። ደገመ፣ አሁንም መሐሉን። ወንድምጋሼ ጆንያውን ሲመታ እንኳ የምናጨበጭብለት ሰው ነበር።

እኔም መታሁ። እኩል ሆንን። ደገምን፣ አሁንም እኩል። ሽማግሌዎቹ ምን እናድርግ ሲሉ ሚስቴ እጇን በመጎናጸፊያዋ እያደረቀች መጣች። «አባባ የእኔም አባት ነበሩ እኮ» አለችና ጠመንጃውን ወሰደች። ጥይቶቿ ሁሉ በአንድ ቀዳዳ ገቡ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ጠመንጃው የነበረበት ግድግዳ ላይ ተመለሰ፣ ባለቤቱ ተቀየረ።

እስቃለሁ ብዬ ነበር። ግን ሰው ሲበታተን ወንድምጋሼ ከአጥሩ ጀርባ ጎተተኝ።

«ስማ... ያቺ ሮንዴላ ትርፍ አለህ?»

«ለምንህ?»

«ለአውቶቡሱ።»

ኅዳር 3

እንቅልፍ የሚባል የለም። የነገረኝን እየመለስኩ እሰማዋለሁ። ኢላማው ሁሌም ሁለት ሆኖ ነበር የሚታየኝ፣ የግራውን ነው የምተኩሰው አለኝ። ሰላምታዬን የማይመልሰው ኮርቶ አይደለም፣ አያየኝም። ማቆሚያውን በምን ታውቃለህ ስለው «ሰው ሲሮጥ አያለሁ» አለኝ።

ሚስቴ በየጠዋቱ ሥራ የምትሄደው በእሱ አውቶቡስ ነው። ወንድሜ ነው ብላ ሁሌ ከእሱ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ዛሬም ሄደች። ከደጅ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። አውቶቡሱ ደህና ታጠፈ... እስካሁን ደህና ሲታጠፍ ኖሯል። እስከ መቼ?

ኅዳር 4

አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ድረስ ሄድኩ። ሻይ እየጠጣ አገኘሁት።

«መሥሪያ ቤቱ ዓይናችሁን አያስመረምርም እንዴ?»

«በየዓመቱ። የፊደል ሰሌዳውን በቃሌ ነው የያዝኩት።»

«ሰው ጭነህ እኮ ነው ወንድምጋሼ።»

«መንገዱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።»

«መንገዱማ ካለበት አይነቃነቅም። የሚነቃነቀው ሰው ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። አንተ ምላጭ ይዘህ ሰው ጉሮሮ ላይ አይደል የምትቆመው? ጆሮዬ ምስክር ነው።»

እውነቱን ነው። ሩቁ አይታየውም፣ ቅርቡ አይታየኝም፣ ተደምረን አንድ ደህና ሰው ብንወጣ ነው። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል።

«ወገቤን አመመኝ ብዬ የዚህን ሳምንት ፈቃድ እወስዳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ንስር መነጽር አድርጎ ሱቁ ውስጥ ሲሠራ ካየሁ እኔም አደርጋለሁ። ካላየሁ ሰኞ እነዳለሁ።»

እንደማላደርገው እርግጠኛ ስለሆነ ነው እንደዚያ ያለው። ያውቀኛል።

ኅዳር 5

ዓይን የምትመረምረዋ ልጅ ሰሌዳውን ከሩቅ አሳየችኝ። እስከ ታች አነበብኩላት። «እንደ ንስር ነው የሚያዩት» አለች። ሳላስበው ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ትንሽ ካርድ እጄ ላይ አስቀመጠች። ክንዴን ዘረጋሁ፣ አሁንም ዘረጋሁ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁ።

«አባቴ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም» አለች፣ «ክንድዎ ነው ያጠረው።»

ሮንዴላዋን አወጣሁ። ካርዱን አነበብኩላት። ሳቀች፣ እውነትም ቀዳዳ ያጠራል አለች፣ ግን ሕዝቡን በቀዳዳ ሊላጩት ነው? ዕድሜ ነው፣ የሁሉም ሰው ነው፣ ድሮ መምጣት ነበረብዎት አለችኝ።

መነጽሩ ወፍራም ጥቁር ነው። መስታወት ውስጥ አባቴን አየሁ። ሚስቴን ገና ምንም አልነገርኳትም። ነገ ሱቅ አለ።

ኅዳር 6

አደረግኩት።

መጀመሪያ የገቡት መምህሩ ናቸው። በር ላይ ቆመው አዩኝ። አሁን ዞረው ይወጣሉ አልኩ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ራሳቸውን ደገፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አያውቁም ነበር፣ አሁን ነው ልብ ያልኩት።

«ተመስገን» አሉ እንደጨፈኑ። «ከእንግዲህ ቁልፍ ሠሪው ጋ መሄድ ቀረልኝ።»

«ቁልፍ ሠሪው ጋ ምን ሊያደርጉ?»

እሳቸውን ሸኝቼ ራሴ ላየው ወደዚያው ሄድኩ። ከቁልፎቹ ኋላ ትንሽ መስታወት ተሰቅሏል፣ ሥሩ መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ የአንገት ብሩሽ። ደንበኞቼ ሁሉ ከእኔ ወጥተው እዚያ ሲያስጨርሱ ኖረዋል። ያመለጠችኝን ፀጉር ቁልፍ ሠሪው ሲለቅምልኝ ኖሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ይነግርሃል? ንስር ያልንህ እኛው ነን።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ዓይንንም ጨምሩበት። አፈርኩ፣ ክፉኛ አፈርኩ። ግን ከወንድምጋሼ በቀር አንድም ሰው ጥሎኝ አልሄደም እኮ። ሁለት ቦታ እየተስተካከሉ ቆዩልኝ። ይህን ሳስብ መነጽሩ ተሸፈነብኝ፣ ማውለቅ ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ ወንድምጋሼ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት። መንገዱን ተሻግሮ መስኮቱ ድረስ መጣ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ፊቴን አየ። ከዚያ ሳይገባ ሄደ።

ኅዳር 7

ማታ ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ የእኔንም የወንድሟንም። መነጽሩን ሳታይ ቀርታ ነው? አይደለም፣ እስክናገር ነው የጠበቀችኝ። የወንድሟን ስትሰማ ግን ቁጭ አለች። «ስንት ጠዋት» አለች። ተነስታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ምን እንዳለችው አላውቅም።

ኅዳር 13

ወንድምጋሼ ሱቄ ገባ። መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ነው።

ዓይን የምትመረምረዋ ልጅ ጋ ሄዶ ነበር። ሰሌዳውን ሳያይ ከላይ እስከ ታች ወረደላት። «ጎበዝ» አለችው፣ «የእኛ ሰሌዳ ግን ሌላ ነው።» ከዚያ ለአለቃውም እውነቱን ነገረ፤ ተቆጡት፣ እንደገና አስመረመሩት፣ መነጽሩን ካላወለቀ መንዳት ይችላል ተባለ። ከሰኞ ጀምሮ ይነዳል። «መንገዱ ላይ ዛፍ አለ» አለኝ፣ «ቅጠሉ አንድ በአንድ እንደሚለያይ ረስቼው ነበር።» ይህን ሲል አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም።

ወንበሩን ዞር አድርጎ አየው። ከአምና ወዲህ አልተቀመጠበትም። ተቀመጠ። ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰርኩ፣ አረፋውን መታሁ፣ ምላጩን አነሳሁ። አረፋ እንዳይነካው መነጽሩን ማውለቅ አለበት። አወለቀና ሁለት እጁ ውስጥ ያዘው። ያለ እሱ በመስታወቱ ውስጥ እኔን እንደማያየኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እኔ አውልቄያለሁ» አለ። «አንተ ግን እንዳታወልቅ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከጆሮው በኩል ጀመርኩለት።